ፐልስድ ፓወርን በ10 ቮልት መጀመር

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ አዲስ አበባ ውስጥ በሰብስቴሽን ጥገና ላይ እሠራለሁ። ስለ ከፍተኛ ቮልቴጅ ፐልስድ ፓወር ቪዲዮ አይቼ ልቤ ተሰቅሏል። ከመሠረቱ መማር እፈልጋለሁ። ከተበላሸ ማይክሮዌቭ የወጣ ትራንስፎርመር አለኝ። በእሱ ማርክስ ጀነሬተር ሠርቼ ልጀምር ወይስ መጀመሪያ ላንብብ? ሒሳቡስ ምን ያህል ይከብዳል? ደግሞስ እዚህ አገር ሆኜ ምን ይጠቅመኛል?»

ወንድሜ፣ ትራንስፎርመሩን ለጊዜው አስቀምጠው። ምክንያቱን በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የሚያስፈልግህ 10 ሜትር ኮአክሲያል ኬብል፣ 50 ኦምና 1 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች፣ ትንሽ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚዘጋ ስዊች)፣ 10 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ እና ከሆነ ቦታ የምትዋሰው ኦሲሎስኮፕ (ቮልቴጅ ከጊዜ ጋር ሲለዋወጥ በሥዕል የሚያሳይ መሣሪያ) ነው። የሙያው መሠረት ከሞላ ጎደል እዚህ ውስጥ አለ። ቮልቴጅ መጨረሻ ላይ የሚጨመር ነገር ነው። ብዙ ሰው ከመጨረሻው የሚጀምረው ብልጭታው ስለሚያምር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፐልስድ ፓወር ኢነርጂን ቀስ ብሎ ማጠራቀም፣ ከዚያ በጣም ባጠረ ጊዜ መልቀቅ ነው። 1000 ጁል በ10 ሰከንድ ብታጠራቅም የሳብከው 100 ዋት ነው፤ የአንድ የድሮ አምፖል ያህል። ያንኑ 1000 ጁል በ100 ናኖሰከንድ ብትለቀው 10 ጊጋ ዋት ይሆናል። ለዚያች ቅጽበት የህዳሴ ግድብን ሙሉ አቅም እጥፍ ያህላል። ኢነርጂው ቅንጣት አልጨመረም። ያጠረው ጊዜው ነው።

በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ፣ አልበከርኪ ከተማ፣ ሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ውስጥ ዜድ የሚባል ማሽን አለ። የዘርፉ አውራ ነው። 36 ማርክስ ጀነሬተሮች አሉት፤ ካፓሲተሮችን ጎን ለጎን ሞልተው ቮልቴጃቸውን ደምረው የሚያወጡ ሰርኪዩቶች ናቸው። እያንዳንዱ 60 ካፓሲተር ይዟል፤ አንዱ ካፓሲተር 2.6 ማይክሮፋራድ ነው። ሁሉም 85 ኪሎ ቮልት ላይ ሲደርሱ ስንት ጁል እንደሚይዙ ራስህ አስላው። 20 ሜጋ ጁል ግድም ይመጣልሃል። ሲሰሙት ያስደነግጣል። ወደ ኪሎዋት ሰዓት ስትለውጠው ግን 5.6 ብቻ ነው። በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንጀራ ሲጋገር የሚሄደው ኤሌክትሪክ ማለት ነው። ዜድ ከዚህ ተነስቶ ነው 26 ሚሊዮን አምፔር ገደማ የሚያወጣው፣ ያውም በ100 ናኖሰከንድ አካባቢ ውስጥ።

ጥበቡ ያለው በመካከል ባሉት ደረጃዎች ላይ ነው። ማርክሶቹ ዘይት ውስጥ ተነክረዋል። ከ1 ማይክሮ ሰከንድ በሚበልጥ ጊዜ ኢነርጂያቸውን ውሃ ወዳለባቸው ትልልቅ ካፓሲተሮች ያዛውራሉ። እነዚያ ደግሞ በጋዝ ስዊች በኩል ውሃ ውስጥ ላሉ ትራንስሚሽን ላይኖች ያቀብላሉ። በመጨረሻ ፐልሱ ቫኪውም ውስጥ ገብቶ ሎዱ ላይ፣ ማለትም ኢነርጂውን የሚቀበለው ነገር ላይ ይደርሳል። በየደረጃው ጊዜው ያጥራል፤ ፓወሩ ያድጋል፤ ትንሽ ኢነርጂ ይባክናል። ቪዲዮ ላይ ያየኸው የውሃው ወለል ላይ የሚሯሯጠው መብረቅ የዚያ ብክነት ክፍል ነው። ሥራው የሚሠራው ውስጥ ለውስጥ፣ በማይታየው በኩል ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። አንተ ያደግኸው በ50 ሄርትዝ ዓለም ነው። 50 ሄርትዝ በአየር ላይ የሞገድ ርዝመቱ 6000 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ 10 ሜትር ሽቦ ለአንተ ከነጥብ አይለይም፤ አንዱ ጫፍ ላይ ያለው ቮልቴጅ ሌላውም ጫፍ ላይ በዚያው ቅጽበት አለ ብለህ ትሠራለህ። እዚህ ይህ አይሠራም። በተራ ኬብል ውስጥ ሞገድ በአንድ ናኖሰከንድ የሚሄደው 20 ሳንቲሜትር ያህል ነው። የኬብሉ አንድ ጫፍ ስዊች መዘጋቱን ሌላኛው ጫፍ ገና አልሰማም። ይህ ሐሳብ አጥንትህ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ሌላው ሁሉ ቀመር መሸምደድ ይሆንብሃል።

ደስ የሚለው፣ ይህን ትምህርት አንተ ወስደኸዋል። የመብረቅ ሰርጅ፣ ተጓዥ ሞገድ፣ የቢውሊ ላቲስ ዲያግራም (ሞገድ በመስመር ላይ ሲመላለስ የሚያሳየው ሥዕል) የሚሉት ምዕራፍ ትዝ ይልሃል? ብዙዎቻችን ለፈተና አንብበነው የምናልፈው። ፐልስድ ፓወር በብዙ መልኩ ያ ምዕራፍ ነው። ደብተርህን ፈልገህ አውጣው።

የሒሳቡ ነገር አያስፈራህ። ለመጀመሪያው ዓመት የሚያስፈልግህ የሁለተኛ ኦርደር ዲፈረንሺያል እኩልታ መፍታት፣ የካፓሲተር ኢነርጂ ግማሽ ሲቪ ስኩዌር መሆኑን ማወቅ፣ በኢንዳክተር ላይ የሚወድቀው ቮልቴጅ ኤል ሲባዛ በከረንቱ የለውጥ ፍጥነት መሆኑን መረዳት እና የነጸብራቅ ኮኤፊሸንት (ሞገድ ጫፍ ላይ ሲደርስ ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚናገረውን ቁጥር) ማስላት ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሥራው ሲጠይቅህ ይመጣል።

ከእነዚህ ውስጥ ግን የኢንዳክተሩ ቀመር ላይ ረጋ ብለህ ቆይ። ጀማሪዎችን ሁሉ የሚጥለው እሱ ነው። ምሳሌ እንውሰድ። 1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በ10 ኪሎ ቮልት ተሞልቷል። 50 ጁል ይዟል። የሰርኪዩቱ ኢንዳክታንስ (የከረንትን ለውጥ የሚቃወምበት መጠን፣ ኤል) 1 ማይክሮሄንሪ ነው እንበል። ብክነቱን ከተውነው ከፍተኛው ከረንት ቮልቴጁ ሲባዛ በስኩዌር ሩት ሲ ሲካፈል ለኤል ነው፤ 10 ኪሎ አምፔር ይሆናል። እዚያ ለመድረስ 1.6 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። አሁን ካፓሲተሩንም ቮልቴጁንም ሳትነካ ኢንዳክታንሱን ወደ 100 ናኖሄንሪ አውርደው። ከረንቱ ከ31 ኪሎ አምፔር ያልፋል፤ ጊዜውም ወደ ግማሽ ማይክሮ ሰከንድ ይወርዳል። የተለወጠው የሽቦው አዘረጋግ ብቻ ነው!

1 ማይክሮሄንሪ ከየት መጣ ካልክ፣ አንድ ሜትር ሽቦ በግርድፉ ያንን ያህል አለው። አንድ ሚሊሜትር አንድ ናኖሄንሪ ብለህ ያዝ። ለግምት ይበቃሃል። ስለዚህ ካፓሲተሩንና ስዊቹን በሁለት ረጃጅም ሽቦ ካገናኘህ ውድ ካፓሲተር መግዛትህ ከንቱ ነው። ባለሙያዎች ሰፋፊ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ንጣፍ ይጠቀማሉ። መሄጃውንና መመለሻውን ንጣፍ ቀጭን ኢንሱሌተር በመሃል አስገብተው ያጣብቋቸዋል። ኢንዳክታንስ የሚኖረው በመሄጃውና በመመለሻው መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነውና።

ሌላም ስሌት ሥራ። በ100 ናኖሄንሪ ውስጥ ከረንቱ በ100 ናኖሰከንድ 10 ኪሎ አምፔር እንዲደርስ ፈለግህ። የሚያስፈልግህ ቮልቴጅ 10 ኪሎ ቮልት ነው። ካፓሲተርህም የተሞላው በ10 ኪሎ ቮልት ነው። እንግዲህ ቮልቴጁ በሙሉ ሽቦው ላይ ቀረ፤ ለሎዱ የተረፈው የለም። ትልልቆቹ ማሽኖች ሚሊዮን ቮልት ውስጥ የሚገቡት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከረንቱን በፍጥነት ማንሳት ካልፈለግክ ያን ያህል ቮልቴጅ ምን ያደርግልሃል?

ወደ ኬብሉ እንምጣ። አርጂ-58 የሚባለው ኮአክሲያል ኬብል ኢምፒዳንሱ፣ ማለትም በውስጡ በሚሄድ ሞገድ ላይ ቮልቴጁ ለከረንቱ ሲካፈል፣ 50 ኦም ነው። ሞገድ በውስጡ አንድ ሜትር ለመሄድ 5 ናኖሰከንድ ይፈጅበታል። 10 ሜትሩን በ1 ሜጋ ኦም ሬዚስተር በኩል ከ10 ቮልቱ ጋር አገናኝተህ ሙላው። የሞላህበትን ጫፍ ሌላ ምንም አታገናኝበት፤ ክፍት እንደሆነ ይቁጠርልህ። ሌላኛውን ጫፍ በሪሌዩ በኩል ከ50 ኦሙ ሬዚስተር ጋር አያይዘው። ኦሲሎስኮፑን ሬዚስተሩ ላይ አድርገህ አንዴ ብቻ እንዲቀዳ አዘጋጀው። ከዚያ ሪሌዩን ዝጋ።

ኬብሉ እንደ ካፓሲተር ነው ብሎ የሚያስብ ሰው 10 ቮልት ላይ ዘሎ ቀስ እያለ የሚወርድ ኩርባ ይጠብቃል። የሚመጣው ግን 5 ቮልት የሆነ፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ 100 ናኖሰከንድ ቆይቶ ድንገት የሚወድቅ ፐልስ ነው። ለምን 5? ኬብሉ ለሎዱ የሚታየው 50 ኦም የውስጥ ሬዚስታንስ እንዳለው የ10 ቮልት ምንጭ ሆኖ ስለሆነ እኩል ይካፈላሉ። ለምን 100፣ ኬብሉ 50 ናኖሰከንድ ብቻ ሆኖ ሳለ? የስዊቹ መዘጋት ወሬ ክፍት ጫፍ ድረስ 50 ናኖሰከንድ ይሄዳል፤ እዚያ ተንጸባርቆ 50 ናኖሰከንድ ይመለሳል። ሲመለስ የኬብሉን የመጨረሻ ቮልቴጅ ጠርጎ ይዞ ይመጣል። ኢነርጂውንም ቁጠረው። ኬብሉ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ስላለው በድምሩ 1 ናኖፋራድ ነው፤ በ10 ቮልት 50 ናኖጁል ይይዛል። ሎዱ የተቀበለው 5 ቮልት በ0.1 አምፔር ለ100 ናኖሰከንድ ነው። እሱም 50 ናኖጁል። ምንም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ሎዱን ወደ 25 ኦም ቀይረውና፣ ኦሲሎስኮፑን ከማየትህ በፊት በወረቀት ሥራው። መጀመሪያ 3.33 ቮልት፣ ከ100 ናኖሰከንድ በኋላ ወደ ታች ተገልብጦ 1.11 ቮልት፣ ከዚያ እንደገና ወደ ላይ 0.37 ቮልት ማግኘት አለብህ። በ100 ኦም ደግሞ ሳይገለበጥ እየወረደ የሚሄድ ደረጃ ታያለህ። ይህን ያለ እርዳታ መሥራት ከቻልክ የዜድን የውሃ ላይኖች መሠረታዊ አሠራር የሚያስረዳህ አስተማሪ አያስፈልግህም። መጠኑ ይለያል እንጂ ፊዚክሱ ያው ነው።

አንድ ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። በ10 ቮልት ሞልቼ ለምን 5 ብቻ ላግኝ? ይህ የቆጨው አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ ነበር። ሁለት ላይኖችን አጣምሮ፣ የአንዱን ስዊች ብቻ በመዝጋት ሙሉውን ቮልቴጅ ለሎዱ የሚሰጥ ሰርኪዩት ፈጠረ። እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። በነገራችን ላይ የስቲሪዮ ድምፅ ቀረጻንም የፈለሰፈው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 የራዳር መሣሪያ ሲሞክሩበት የነበረው አውሮፕላን ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞተ። ሁለተኛ ኬብል ስታገኝ የሱን ሰርኪዩት ሞክር። ኤልቲስፓይስ የሚባለው ነፃ የሰርኪዩት ሶፍትዌር ላይ በአንድ ምሽት ልትሠራው ትችላለህ። ግን ከሶፍትዌሩ በፊት ወረቀት፣ ከወረቀቱ በኋላ ኬብል።

ማርክስን በተመለከተ ደግሞ፣ ኤርቪን ማርክስ የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። ካፓሲተሮችን በፓራለል ሙላ፣ በሲሪየስ አውጣ። 4 ካፓሲተር፣ 12 ቮልት እና ጥቂት ሪሌይ ካለህ 48 ቮልት የሚያወጣ ማርክስ መሥራት ትችላለህ። ብልጭታ የለውም። ግን ዋናውን ነገር ያሳይሃል። ሲወጣ ካፓሲታንሱ ለደረጃው ቁጥር ይካፈላል፤ የየደረጃው ኢንዳክታንስ ደግሞ ይደመራል። እውነተኛው ማርክስ ላይ የመጀመሪያው ስፓርክ ጋፕ (በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ብልጭታ ሲዘል የሚዘጋ ስዊች) ሲተኩስ ቀሪዎቹ ለምን ተከታትለው እንደሚተኩሱ የሚያስረዳህም እነዚያ በሥዕሉ ላይ የማይታዩት፣ በየደረጃውና በግራውንድ መካከል ያሉት ጥቃቅን ካፓሲታንሶች ናቸው። የመጀመሪያው ጋፕ ብርሃን በቀጣዮቹ ላይ ማረፉም ያግዛል።

ኢንሱሌሽን ሰፊ ጉዳይ ነው። እኔ የምወደውም እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ አልደርማስተን በሚባለው የጦር መሣሪያ ምርምር ጣቢያ ቻርሊ ማርቲንና ባልደረቦቹ ለፈጣን ፐልስ የሚሆን ቀላል ቀመር አወጡ። ዘይትም ሆነ ውሃ ሳይበሳ የሚሸከመው የኤሌክትሪክ ፊልድ ጊዜው ሲያጥር ይጨምራል፤ የኤሌክትሮዱ ስፋት ሲጨምር ይቀንሳል። ጊዜው በ8 እጥፍ ካጠረ የሚሸከመው ፊልድ በእጥፍ ያድጋል። ስፋቱ 1000 እጥፍ ቢያድግ ጥንካሬው በግማሽ ይወርዳል። ውሃ ለኢንሱሌሽን ይሆናል ሲሉህ የምትስቀው በ50 ሄርትዝ ስለምታስብ ነው። ንጹህ ውሃ ከአየር 80 እጥፍ ቻርጅ ይይዛል። የሚያፈሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ ለጥቂት ማይክሮ ሰከንድ አስተማማኝ ነው። ከዚያ በላይ ካቆየኸው ግን ጉድ ይፈላል። ማርክሱ ውሃውን በፍጥነት የሚሞላበት ምክንያት ይህ ነው።

አየርን በተመለከተ ግን አዲስ አበባ መሆንህ ራሱ ትምህርት ነው። መጽሐፍ ላይ አየር በሚሊሜትር 3 ኪሎ ቮልት ይሸከማል ይላል። ያ ለባሕር ወለል ነው። ከ2300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል አካባቢ ነው፤ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ማለት ነው። የአየሩ ጥንካሬም በዚያው ልክ ይወርዳል፤ በሚሊሜትር 2.3 ኪሎ ቮልት ገደማ ያዝ። ጅቡቲ ላይ በ30 ኪሎ ቮልት የሚተኩስ የ1 ሳንቲሜትር ጋፕ አንተ ጋ በ23 ይተኩሳል። ከውጭ የመጣ ሥዕል ላይ ያለውን ርቀት እንዳለ ብትገለብጥ ያልጠበቅከው ቦታ ይተኩስብሃል። ግፊት ያለው ጋፕ ብትሠራ እንኳ የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ያታልልሃል። ጌጁ 1 ባር ሲል አዲስ አበባ ውስጥ ያለው እውነተኛ ግፊት 1.76 ባር ግድም ነው፤ ባሕር ዳርቻ ቢሆን 2 ባር ይሆን ነበር። የሰብስቴሽን ዕቃም እንዲሁ ነው። መደበኛው ደረጃ እስከ 1000 ሜትር ከፍታ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ ለደጋ አገር የሚታዘዘው ማስተካከያ ሊደረግለት ይገባል።

ስዊች ላይ ብዙ አልቆይም። ስፓርክ ጋፕ ርካሽ ነው፣ ሚሊዮን ቮልት ይችላል፣ ግን እየተበላ ያልቃል፤ የሚተኩስበትም ሰዓት ትንሽ ይዋዥቃል። በሰብስቴሽንህ ብሬከሮች ውስጥ የምታውቀው ኤስኤፍ6 ጋዝ በዜድ ስዊቾችም ውስጥ አለ። ታይራትሮን የሚባለው ቱቦ በራዳርና በአክስለሬተር ውስጥ ለዓመታት አገልግሏል። ዛሬ ቦታውን እየያዙ ያሉት ሞስፌትና ሲሊከን ካርባይድ የሚባሉት የሴሚኮንዳክተር ስዊቾች ናቸው። አንተም በእነሱ ጀምር፤ ዋጋቸውም ይቀመሳል፣ መቶ ጊዜ ብትተኩስ መቶውም አንድ ዓይነት ነው።

ልኬት ግን የሙያው ግማሽ ነው። 100 ሜጋ ሄርትዝ ኦሲሎስኮፕ ከ3.5 ናኖሰከንድ ያነሰ የመነሻ ጊዜ ሊያሳይህ አይችልም፤ 0.35ን ለባንድዊድዙ አካፍል። የፕሮቡ (የኦሲሎስኮፑ መለኪያ ጫፍ) የግራውንድ ሽቦ 15 ሳንቲሜትር ከሆነ ራሱ ኢንዳክተር ነው፤ ፐልሱ ላይ የሌለ መንቀጥቀጥ ይጨምርልሃል። ሽቦውን ነቅለህ በአጭሯ ስፕሪንግ ተካው፤ ግማሹ መንቀጥቀጥ ይጠፋል። አንድ ልማድ ደግሞ ከአሁኑ ያዝ። ሁሉን ነገር እንዳለ ትተህ የፕሮቡን ጫፍ ከራሱ ግራውንድ ጋር አጣብቀህ ተኩስ። አሁንም ምልክት ካየህ ያየኸው ፐልስህን ሳይሆን በአየር ላይ የሚመጣውን ረብሻ ነው። ይህን ሳያደርግ ውጤት የሚያቀርብ ሰው እኔ አላምነውም፣ ፕሮፌሰርም ቢሆን። ለከረንት ደግሞ ሮጎቭስኪ ኮይል (ከረንት የሚያልፍበትን ሽቦ ከብቦ የሚለካ ጥምጥም) በገዛ እጅህ ጠምጥመህ መሥራት ትችላለህ። እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው፤ እስከ ዛሬም የሚተካው አልተገኘም ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ትራንስፎርመሩ። የማይክሮዌቭ ትራንስፎርመር 2000 ቮልት አካባቢ፣ ከግማሽ አምፔር ያላነሰ ከረንት ይሰጣል። ልብን ከምት ለማውጣት ጥቂት አሥር ሚሊ አምፔር ይበቃል። ይህ ዕቃ ከዚያ ከአሥር እጥፍ በላይ ይሰጥሃል፤ በሚያድንህ መጠንም ራሱን አይገድብም። ከረንታቸው የተገደበ ከፍተኛ ቮልቴጅ ምንጮች ስህተትህን ሊምሩህ ይችላሉ። ይህኛው ቀልድ አያውቅም። ኢንተርኔት ላይ በእሱ እንጨት ሲያቃጥሉ የምታያቸው በሕይወት ያሉት ናቸው፤ የሌሎቹን ቪዲዮ የሚጭን የለም። ብቻህን፣ ቤትህ ውስጥ፣ በጭራሽ።

ካፓሲተርም እንደ ትራንስፎርመር አይደለም፤ ከሶኬቱ ብትነቅለውም ይዞ ይቆያል። ያ 50 ጁል በ10 ኪሎ ቮልት ያልነው በደረት በኩል ካለፈ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱ ካፓሲተር ራሱን በራሱ የሚያፈስ ሬዚስተር ሁልጊዜ ይኑረው። መጀመሪያ በሬዚስተር በኩል አፍስስ፤ ከዚያ በግራውንድ ዘንግ ሾርት አድርግ። ትልቅ ካፓሲተርን በቀጥታ ሾርት ማድረግ ሽቦውንም ያፈነዳል፣ ካፓሲተሩንም ይጎዳል። ሾርት ካደረግከው በኋላ ሾርቱን አታንሳ። ከፍተኛ ቮልቴጅ የነበረበት ካፓሲተር ከፈሰሰ በኋላ ከውስጡ ኢንሱሌተር ቻርጅ መልሶ ያወጣል፤ ባዶ ነው ብለህ የተውከው ከሰዓት በኋላ ያስደነግጥሃል፣ ወይም ከዚያ የባሰ። መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥም ሁለቱ ጫፎች በሽቦ ታስረው ነው። በሰብስቴሽን ሥራ ላይ ግራውንድ ሳታደርግ መስመር እንደማትነካ ሁሉ እዚህም ያው ነው። ይህን በተመለከተ ከብዙ አዲስ የፊዚክስ ተመራቂ አንተ ትሻላለህ፤ የሎቶውን ቁልፍ (ለጥገና የጠፋውን ስዊች ማንም እንዳያበራው የሚቆለፍበትን) እና የግራውንድ ዘንጉን ታውቃቸዋለህ።

መቼ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ ልግባ ካልክ፣ ልምድ ያለው ሰው አጠገብህ ሲኖር፣ የታጠረ ቦታና የበር ኢንተርሎክ (በሩ ሲከፈት ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጥ ስዊች) ሲኖር። ከዚያ በፊት ከ50 ቮልት በታች የማይማረው ነገር ከምታስበው በጣም ያነሰ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄህ፣ እዚህ አገር ሆኜ ምን ይጠቅመኛል የሚለው ነው። ነገ ሥራ ስትገባ የ132 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመሩን ስም ሰሌዳ አንብብ። በኪሎ ቮልት የተጻፈ የመብረቅ ኢምፐልስ ደረጃ ታገኛለህ፤ ለዚህ ክፍል የተለመደው 650 ነው። ያ ቁጥር ከማርክስ ጀነሬተር ጋር የተያያዘ ነው። እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ፋብሪካ ሲፈተሽ በ1.2 ማይክሮ ሰከንድ ተነስቶ በ50 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ግማሹ የሚወርድ ፐልስ በማርክስ ይተኮስበታል። ያን የፍተሻ ሪፖርት ከፋይል ክፍል ፈልገህ አውጥተህ የሞገዱን ሥዕል አንብብ። ለምን 1.2 እና 50 እንደሆነ፣ ሰርጅ አሬስተር (የመብረቅ ቮልቴጅን ወደ መሬት የሚያወርደው መከላከያ) ከትራንስፎርመሩ 5 ሜትር ሲርቅና 50 ሜትር ሲርቅ ትራንስፎርመሩ ላይ የሚደርሰው ቮልቴጅ ለምን እንደሚለያይ በኬብልህ ሙከራ ማስረዳት ከቻልክ፣ ለመሥሪያ ቤትህ አሁኑኑ ጠቃሚ ሰው ሆነሃል።

ከዚያ በላይ ካማረህ ትምህርቱ ውጭ ነው። በአሜሪካ ቴክሳስ ቴክ ዩኒቨርሲቲ የቆየ ፕሮግራም አለው፤ የዘርፉ የመጀመሪያ ዓለም አቀፍ ጉባኤም እ.ኤ.አ. በ1976 እዚያው ላቦክ ከተማ ነው የተካሄደው። በጃፓን ኩማሞቶ፣ በጀርመን ካርልስሩኸ፣ በስኮትላንድ ስትራዝክላይድ፣ በቻይና ሺያን ጃኦቶንግ ጠንካራ ቡድኖች አሉ። አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገርህ። በትልልቆቹ የአሜሪካ የጦር መሣሪያ ላቦራቶሪዎች አብዛኛው ቦታ የአገሩን ዜግነት ይጠይቃል። ስለዚህ ዜድን አልመህ ብቻ አትነሳ። በር የሚከፈተው በሌላ በኩል ነው። አውሮፓ ውስጥ ፋብሪካዎች ድንች ለጥብስ ከመቆረጡ በፊት በፐልስ ይመቱታል፤ የሕዋሱ ሽፋን ስለሚበሳ ሲቆረጥ አይሰባበርም። ልባቸው ያለ ሥርዓት ለሚመታ ሕሙማን የሚደረገው በፐልስ ሕዋስን የማክሰም ሕክምና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቷል። የኩላሊት ጠጠርን ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚሰባብረው ማሽን እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ሰው ላይ ሲሞከር የድንጋጤ ሞገዱን የሚያመነጨው ውሃ ውስጥ ያለ ስፓርክ ጋፕ ነበር። እነዚህ ዘርፎች የሰለጠነ ሰው ይፈልጋሉ፤ ፓስፖርት ላይም ያን ያህል ጥብቅ አይደሉም።

ስታመለክት ውጤትህን ብቻ አትላክ። የ25 ኦሙን ሙከራ የኦሲሎስኮፕ ሥዕል፣ አጠገቡ በእጅህ የሠራኸውን የላቲስ ዲያግራም፣ የፕሮቡን ጫፍ ከግራውንድ አጣብቀህ የቀዳኸውን ባዶ ሥዕል ጨምረህ በአንድ ገጽ አያይዝ። እንዲህ ያለ ማመልከቻ የሚያነብ የላብ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያየው ያቺን ባዶ ሥዕል ነው።